ስሙ የማይነሳው ሰው

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ደክሞኛል። ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላ በቁስቋም መንገድ የጽዳት ዘመቻ፣ ማታ ደግሞ እንደ ልማዳችን እትዬ አስካለ ቤት ቴሌቪዥን። ያን የጠፈር መንኮራኩር ተከታታይ ፊልም የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያየው እሳቸው ሳሎን ነው። ዛሬ ፊልሙ እስኪጀምር ከጎረቤቴ ከበቀለ ጋር እስከ ዛሬ ካየነው የወረደው ክፍል የትኛው ነው ብለን ተከራከርን። በቀለ ድንጋዩ የሚናገርበት ነው አለ። እውነቱን ነው፣ ድንጋዩ ካርቶን መሆኑ ያስታውቃል። እኔ ግን አንደኛው ተጓዥ ጠፍቶ የሚቀርበት ነው ብዬ ድርቅ አልኩ።

"ጓደኛቸው ጠፍቶ በሳምንቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብለው ይስቃሉ። ስሙን እንኳን የሚያነሳ የለም። እንዲህ ያለ ሰው የት አለ?"

እትዬ አስካለ ክርክራችን ውስጥ ገብተው አያውቁም። ልጃቸው ግርማ አዲሱ ገበያ ላይ በአፈሳ ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህማ ጭራሽ ዝም ብለዋል። አሁን ግን የተቀመጥኩበትን የግርማን በርጩማ አዩና፣

"እንዲህ ያለውማ እዚህ አለ" አሉኝ።

ፊልሙ ጀመረ። ምን እንዳየሁ አላውቅም። ሲያልቅ ሁላችንም "ደህና ይደሩ" ብለናቸው ወጣን።

ዛሬም ስለ ግርማ አልጠየቅናቸውም።