ተቀባይ የተጻፈባቸው ሳጥኖች

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ለውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጃችንና ያቺ አንቺን ቀምታኝ የቀረች ትንሿ የልጅ ልጃችን ደህና ናቸው? እኔ ከድካም በቀር ደህና ነኝ። ስልኬን ካላነሳሽ ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ልጃችንን ስጠይቃት "እማዬ ተኝታለች" ትለኛለች። ሰው እንዲህ አይተኛም፤ መተኛት የናፈቀኝስ እኔ ነኝ።

በሳጥኖቹ ምክንያት መሆኑ ገብቶኛል። ያን ቀን ልጃችን በቪዲዮ ስትደውልልኝ ከኋላዬ ያየችው እውነት ነው። ልብሶችሽ፣ ጫማዎችሽ፣ የልብስ ስፌት መኪናሽ ሳይቀር በእንጨት ሳጥን ታሽገው፣ በላያቸው ላይ "ተቀባይ" ተብሎ ስምሽ በትልቁ ተጽፎባቸው ነበር። "አባዬ፣ የእማዬን ዕቃ ልትልክላት ነው እንዴ?" አለችኝ። ቀለም ቀቢው በር እያንኳኳ ስለነበር "ቆይ እደውልልሻለሁ" ብዬ ዘጋሁት። መልሼ ስደውል ወሬው አንቺ ዘንድ ደርሶ ትዳራችን አልቆለት ነበር።

እኔ እኮ ቤቱን ላስቀባ ነው ዕቃውን ያሸግኩት። ስትመጪ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ እንደተላላጠ እንዳይጠብቅሽ ብዬ ነው። ከከተማ ከተማ ስንዛወር፣ እኔ የጦሩን ዱቄትና ነዳጅ ሳጓጉዝ፣ የቤታችንን ዕቃ ሁሌም የምታስሪው አንቺ ነበርሽ፤ አንዴ እንኳ እኔ ልሥራው አልኩ። የማውቀው ደግሞ የመጋዘኑን አሠራር ነው። በጦሩ ቤት ተቀባይ ያልተጻፈበት ሳጥን መጋዘን አያድርም፤ ባለቤት የሌለው ዕቃ ነው፣ ያገኘው ያነሳዋል። ስለዚህ ስምሽን ጻፍኩ። የሚሄድበትን ቦታ አልጻፍኩም፤ የትም አይሄድማ። ልጃችን ይህን ከየት ታውቀዋለች? ሾፌሬ አሥር አለቃው እንኳ ሳጥኖቹን ሲያይ መሬት መሬት እያየ "ጌታዬ፣ መኪና ላዘጋጅ?" አለኝ። "መኪና ማን አለህ? ቤት እያስቀባሁ ነው" ብዬ ጮኽኩበት። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ፣ የኔው አመል ከገዛ ቤቴ ሊያወጣኝ ነው።

ሌላም ያልነገርኩሽ አለ። ጡረታዬ ደርሷል። ጄኔራሉ አስጠርቶኝ "ኮሎኔል፣ ሁለት ዓመት ጨምርልን፤ ስንቅና ትጥቁ ያለ አንተ አይሆንም" አለኝ።

"ደክሞኛል ጌታዬ" አልኩት።

"እኛስ መች አረፍን?"

"የእርስዎ ባለቤት ቤትዎ ናት።"

በዚሁ አሰናበተኝ። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል። መኪና መንገድ ላይ በተበላሸ ቁጥር እንቅልፍ ማጣት ሰልችቶኛል። ወታደሩ ሲራብ የሚሰደበው እኔ ነኝ፤ ሲጠግብ ግን የሚያስታውሰኝ የለም። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ቁልፌን አዙሬ ስገባ "ማነው?" የሚለኝ ሰው ማጣቴን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ነበር፣ አልቻልኩም። ለሦስት ወር ብለሽ ልጃችንን ልታርሺ ሄድሽ፤ ይኸው የተወለደችው አፍ ፈታች። ምናልባት መቅረቱን ፈልገሽው፣ ምክንያት አጥተሽለት ኖሮ ሳጥኖቹ ምክንያት ሆነውልሽ ይሆን? እንዲያም ከሆነ አልፈርድብሽም። ብቻ በልጃችን አፍ አይሁን፤ አንቺው ንገሪኝ።

ቀለሙ ደርቋል። ሳጥኖቹን ግን አልከፈትኳቸውም። ከመጣሽ አብረን እንፈታቸዋለን። ከቀረሽ ግን "ላክልኝ" እንዳትይኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዕቃ ስልክ ኖሬያለሁ፤ ይህን አልልክም። መጥተሽ ውሰጂው። ለአንድ ቀንም ቢሆን አይሻለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ትንሿን ያሳድግልን፣ መንገዱን ያቅናልሽ።

ባለቤትሽ