አሥራ አራት ኪሎ

ሰኞ፣ ጥር 4

ንፋስ። ቀኑን ሙሉ አቧራ ስቅም ዋልኩ። የጎሚስታዬ በር ሁለት ጊዜ ተላትሞ ቀለሙን አራገፈ፤ ቀዩን ጡብ በእግሬ ገፍቼ ደገፍኩት። አምስት ጎማ ለጠፍኩ። ከአንዱ ደንበኛ ጋር ተጨቃጨቅኩ። ባለቤቱ የለም ወይ ይለኛል፣ ክሪኩን እያወረድኩ! ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ ፀጉሬ ሸብቷል፣ እጄ ከጎማው በላይ ጠቁሯል… አሁንም ባለቤቱን ይፈልጋሉ። አልቋል አልኩት። ምኑ እንዳለቀ እኔም አላውቅም።

ከሰዓት ጸሐፊው ደወለ። የቱሪንግ መኪና እሽቅድምድምን ታሪክ የሚጽፈው፣ የዓለም አቀፉን። በኅዳር ጽፌ የሰጠሁትን ቃል አንድ ምዕራፍ አድርጎታል። ረቂቁን ልኬያለሁ፣ አንብበው ይመልሱልኝ፣ የካቲት መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ይገባል አለ። የምዕራፉን ርዕስም ከእኔው ቃል ነው የወሰደው። "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።"

ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ? ደስ አለኝ። ጋሼም ገዝቶ ያንብበው። ታላቅ ወንድሜ… ሃያ ሦስት ዓመት ተኳርፈን አሁንም ጋሼ እላለሁ። ምላስ ልማዱን አይተውም።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ደህና ናቸው። ሰው በሳምንቱ ሥራ የሚሄድበትን መኪና እሑድ የኋላ ወንበሩን አውልቆ፣ በሩ ላይ ቁጥር ለጥፎ የሚወዳደርበት ዘመን። ከተሸነፈም በዚያችው መኪና ልጆቹን ጭኖ ወደ ቤት። ሕዝቡ ይህን እሽቅድምድም የወደደው ለዚህ ነው፤ የሚያየው የራሱን መኪና ነዋ። ከዚያ ፋብሪካዎቹ መጡ። ደንቡ መኪናው መንገድ ላይ የሚሸጠውን መምሰል አለበት ይላል፣ እነሱ ደግሞ ለደንቡ ያህል ጥቂት ሠርተው ይሸጣሉ። ወጪው ናረ፣ የዓለም ውድድሩ ሞተ። በሌላ ስም ተነሣ። ደግሞ ሞተ፣ ደግሞ ተነሣ። ጸሐፊው ትንሣኤውን አሳምሮ ጽፎታል። በየሞቱ መካከል ሜዳ ላይ የተበተነውን መካኒክ ግን አንድ መስመር አልሰጠውም።

ስለ ክብደቱም አለ። ያሸነፈ መኪና በሚቀጥለው ውድድር ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል፣ ሌሎቹ እንዲደርሱበት። ስታሸንፍ ትከብዳለህ። እኔን የበላኝ ይኸው ደንብ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 7

የእኛን ምዕራፍ አነበብኩ። ቆሽቴ አረረ። እንደ አዲስ!

በውድድር ቡድኑ ውስጥ ጋሼ ዋና መካኒክ፣ እኔ በሥሩ። ከጋራዡ ሁሉ ሴት እኔ ብቻ። ጠባቡ ቦታ ሁሉ ስለምገባና ከክብደቴ በላይ ስለምሸከም ጉንዳን ይሉኝ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ ውድድር፤ ቀድመን አሸንፈን ስለነበር ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ሦስት የእርሳስ ጡብ ታስሮብናል። ለልምምድ ግን እርሳሱን አናስርም። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በየቀኑ ሲታሰርና ሲፈታ ቀዳዳው ይሰፋል። ስለዚህ ጋሼ ልክ ያንኑ የሚያህሉ ሦስት የብረት ጡቦች አስቆርጦ፣ ያንኑ ቀይ ቀለም ቀብቶ ለልምምድ አዘጋጀ። እርሳሱ አሥራ አራት ኪሎ፣ ብረቱ አሥር።

አሸነፍን። የዓለም ዋንጫ በእጃችን ገባ። ከዚያ ፈታሾቹ መኪናውን ሚዛን ላይ አወጡት። አራት ኪሎ ጎደለ። ጋሼን ራሱን ፍታ አሉት፣ ገብቶ ፈታ። ከሦስቱ አንዱ ብረት። ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት! ማን ስህተት ነው ይላል? ቀለሙ ፈረደብን። ዋንጫው ተነጠቀ። ወረቀቱ ላይ የፈረመው ጋሼ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ታገደ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ቡድኑ ፈረሰ። እኔንስ ማን ይቅጠር? የሌባ እህት።

ጠዋት እርሳሱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። በእጄ። አጥብቄ ስጨርስ ብሎኑ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰምራለሁ፤ ሰው ከነካው መስመሩ ይሰበራል። ከዚያ ጋሼ ሁላችንንም ቁርስ ብሉ ብሎ አስወጥቶ ብቻውን ከመኪናው ጋር ቀረ። ከውድድሩ በኋላ ሳይ ነጩ መስመሬ የለም። ሌላ ማን ይፈታዋል? ደግሞ ጠዋት አስሬ ስጨርስ ከተረፉት የልምምድ ጡቦች አንዱን የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከትቼው ነበር። ብረቱ እኔ ጋ ከሆነ ያሰርኩት እርሳስ ነው ማለት አይደለም? ለምስክር ብዬ ቤቴ ወሰድኩት። እናታችን ስትቀበር በመቃብሩ ማዶና ማዶ ቆምን፣ ሰላም ሳንባባል።

"አይጧ ወንድሜ፣ ዳዋዋ እኔ።" እንዲህ ነው የጻፍኩት። አልጸጸትም።

እሑድ፣ ጥር 10

ጸሐፊው ጡቡን ፎቶ ላንሣው አለ። ና አልኩት። በር መደገፊያዬ ታሪክ ሆነ እንግዲህ!

ማክሰኞ፣ ጥር 12

መጣ። ጡቡን ሊያነሣ ሞክሮ ወገቡን ያዘ፤ በጣም ይከብዳል አለ። ሳቅሁበት። የቢሮ ሰው! እኔም እኮ ለዓመታት በእግሬ ስገፋው እንጂ አንሥቼው አላውቅም።

በቁሙ አስደግፈን መሣሪያ ነገር እናሳምርበት አለ። የብሎን ማስቀመጫዬን አመጣሁ፣ ሥሩ ማግኔት ያለውን። ጡቡ ላይ ለጠፍኩት። ወደቀ። ብሎኑ መሬት ላይ ተበተነ። ለቅሜ ደግሜ ለጠፍኩት። ወደቀ። ጸሐፊው ይስቃል። ዛሬ ምን ነካው እያልኩ ከክሪኩ ላይ ሞከርኩት፣ ጥርቅም አለ።

ብሎን መፍቻ አንሥቼ ጡቡን ጫርኩት። እንደ ሳሙና ተላጠ። ከቀዩ ቀለም ሥር ግራጫ… የሚያብረቀርቅ ግራጫ።

ሥራ አለብኝ ብዬ አባረርኩት። የጎረቤቱን ሚዛን ተዋስኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

አሥራ አራት። ሦስት ጊዜ መዘንኩት። አሥራ አራት።

ዓርብ፣ ጥር 15

ሱቁን አልከፈትኩም። ምን ዓይነት አህያ ነኝ? ሃያ ሦስት ዓመት ምስክሬ ነው ያልኩትን ነገር አንድ ቀን ሚዛን ላይ አላወጣሁም። ደግሞ መካኒክ ተብዬ!

እንዴት እንደሆነ አሁን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ማታ ብረቶቹን ፈታሁ፣ እርሳሶቹን አጠገባቸው ደረደርኩ፣ ስድስቱም በአንድ ጨርቅ ላይ። ቀይ በቀይ። ጠዋት ጎንበስ ብዬ ያገኘሁትን አሰርኩ፣ ነጭ መስመሬንም አሰመርኩ። እጄ አላወቀም? ሦስት ሌሊት አልተኛሁም ነበር፣ እጄ ምን ያውቃል።

ግን መስመሩስ? መስመሩ የት ሄደ?

ለጸሐፊው ደወልኩ። ምዕራፉ ይቁም አልኩት። እንዴት ይሆናል፣ ገጹ ሁሉ ተሰናድቷል፣ ደግሞም ከመጽሐፉ በጣም ያማረው ምዕራፍ ነው ይለኛል። ያማረው! እስከ የካቲት 2 ጊዜ ሰጠኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

ሄድኩ።

ጋሼ መኪና መንዳት ያስተምራል። ከተማው ዳር አንድ ሜዳ፣ የተደረደሩ የፕላስቲክ ሾጣጣዎች፣ ማርሽ የምታንገጫግጭ ተማሪ። የዓለምን ዋንጫ የነካ እጅ የተማሪ ፍሬን ይጠብቃል። ሲያየኝ ልጅቷን አውርዶ ወደ እኔ መጣ። ሰባ ሞልቶታል። ጆሮው አድጓል። ጡቡን የያዝኩበትን ከረጢት መኪናው ሞተር ክዳን ላይ ጣልኩለት። እጁን ሰድዶ ጡቡን በአንድ እጁ ብድግ አደረገው።

"አሥራ አራት" አለ። ሳይመዝን። ሳይደነግጥ።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ያውቃል! መቼ ነው ያወቅኸው አልኩት። ፈታሾቹ አራት ኪሎ ሲሉ ወዲያው ገባኝ አለኝ፣ ልዩነቱ እኮ አራት ነው። ሊፈታ ሲገባ ነጭ መስመሬ ንክች ሳይል ብሎኑ ላይ ነበረ። እኔ ካሰርኩት በኋላ ሰው አልነካውም ማለት ነው። ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠረገው። ያን ቁርስ ብሉ ያለን ሰዓትም የፊት ፍሬን ሲያይ ነበር፣ ሌላ ምንም።

"ለምን?"

"ሴት ሳተች ሊሉ ተሰልፈው ነበር። ሌባ መካኒክ ነገ ሥራ ያገኛል። የተሳሳተች ሴት ግን አታገኝም ብዬ ነው። ዕድሜ ልክ ያግዱኛል ብዬ መች አሰብኩ?"

"ማን ጠየቀህ?" አልኩት። ጮህኩ፣ ተማሪዋ ዞር እስክትል። ማን ጠየቀህ! ሳትጠይቀኝ ለእኔ ወስነህ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ራስህን አስጠልተኸኝ… ስህተቴን እንኳ ቀማኸኝ። እናታችን የሌባ እናት ተብላ ነው የሞተችው። ሌላም ብዙ አልኩ። ሁሉንም አልጽፈውም።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ እሱ ተቆጣ። ጋሼ ሲቆጣ ድምፁ ይቀንሳል።

"አንቺስ መች ጠየቅሽኝ? አንድ ቀን መጥተሽ፣ ጋሼ፣ አድርገኸዋል ወይ ብትዪኝ እውነቱን እነግርሽ ነበር። በር በሩን እያየሁ ነው ያረጀሁት። አንቺ ግን ፈረድሽ፣ ሄድሽ።"

ጡቡን ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ጡቡን ይዤ ልመለስ ስል ከእጄ ወሰደው። "የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ጋ ይቀመጥ" አለ። ደግሞ ፈገግ ይላል! ሾጣጣውን በካልቾ መትቼ ሄድኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 28

አላስችል አለኝ። ለጋሼ ደወልኩ፣ የመስመሩን ነገር ለሌላ ሰው ነግረህ ነበር ወይ ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም አለ። ዘጋሁበት። ንዴቱ አልወጣልኝም፤ በእሱ ይሁን በራሴ አልለየሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 2

ጸሐፊው መጣ። የጻፍኩለትን አዲስ ቃል አነበበ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አሰበልኝ። "በቡድኑ ውስጥ በተፈጠረ መቀያየር ብለን እንለፈው፣ የማን እንደሆነ ምን ያደርጋል?" አለ። ርዕሱንም እቀይረዋለሁ አለ።

ርዕሱን እንዳትነካው አልኩት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፣ ልክ ነው። አይጧ እኔ ነኝ፣ ዳዋው ወንድሜ። ሙሉ ስሜን ጻፍ፣ ጉንዳንም አትበል። ነጩን መስመርም ጻፍ፣ ማን እንዳሰመረው ማን እንደጠረገው። ሴት ሳተች የሚሉ ይበሉ። አርባ ዓመት ብለውኛል፣ አልሞትኩበትም።

ከሰዓት ንፋስ ተነሣ። በሩ ተላተመ፣ መደገፊያ የለውም። አንዱ ብቅ ብሎ ባለቤቱ የለም ወይ አለኝ። አለች፣ ፊትህ ቆማለች፣ ጎማህን አውርድ አልኩት። አወረደ።

ሲመሽ ስልኩ ጮኸ። ጋሼ። ጸሐፊው ገጹን ልኮለታል። ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ ተቆጥቷል።

"ማን ጠየቀሽ?" አለኝ።

አንድ ሰዓት ሙሉ ተጨቃጨቅን። ጆሮዬ ጋለ። በመጨረሻ ስልኬ ባትሪ ጨርሷል፣ ነገ ጠዋት እደውላለሁ፣ ገና አልጨረስኩም አለ።