ስለ ወይዘሮ ይርገዱ አንለይ ዕረፍትና ስለማይጋባው ሕመማቸው

የፎገራ ሕሙማን መርጃ ማኅበር፣ የክሊኒካችን ድሬሰር ወይዘሮ ይርገዱ አንለይ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም. ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለወረታ አካባቢ ሕዝብ ሲያስታውቅ ሐዘኑ መሪር ነው። ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል።

ወይዘሮ ይርገዱ ከይፋግ ወዲህ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በጎንደር የድሬሰርነት ትምህርት ተምረው፣ ማኅበራችን በ፲፱፻፵፱ ዓ.ም. ክሊኒኩን ሲከፍት ሥራ ጀመሩ። ቁስል አጥበዋል፣ መርፌ ወግተዋል፤ ክረምት ውሃው ሜዳውን ሲውጠው በታንኳ ተሻግረው ሕመምተኛ ጠይቀዋል። በደረት በሽታ የተጠረጠረን ሰው ዘመዱ ሲሸሸው እርሳቸው ቤቱ ገብተው ይቀመጡ ነበር።

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ለሳል ሊታከም የሚመጣው አብዛኛው ወንድና የከተማ ሰው መሆኑን ለማኅበሩ ጉባኤ አስረዱ። በገጠሩ ግን ይበልጥ የሚያስለው ሴቶቹን ነበር። በፎገራ ሜዳ እንጨት ብርቅ ስለሆነ የሚነደው ኩበት ነው፤ ጎጆውም መስኮት የለውም፤ ከእሳቱ ዳር የምትውለው ሴቲቱ ናት። ሴቶቹ ሲጠየቁ «ምን በሽታ አለው፣ የጢስ ሳል ነው» ስለሚሉ እስኪወድቁ ድረስ ክሊኒክ አይመጡም። ወይዘሮ ይርገዱ ይህን መልስ አጥብቀው ይጠሉት ነበር።

በ፲፱፻፶፭ ዓ.ም. በገበያ ቀን ሴቶች ለብቻቸው የሚታዩበት ሰዓት እንዲኖር አስወሰኑ። የሱቅ ባለቤትና የማኅበራችን አባል ወይዘሮ ዘሊካ መሐመድሰዒድም ከሩቅ ለሚመጡት ግቢያቸውን ማረፊያ አደረጉ። ወይዘሮ ይርገዱ ከዚያ በኋላ በየመንደሩ እየዞሩ፣ ባሎች ለጎጆአቸው የጢስ መውጫ እንዲከፍቱ ለምነዋል፤ እምቢ ያለውንም ተቆጥተዋል። ብዙ ቤት ተከፍቷል።

ባለፈው ዓመት እርሳቸውንም ሳል ያዛቸው። አዲስ አበባ የመረመሯቸው ሐኪሞች ሕመሙ የሳምባ ነቀርሳ፣ ማለት በሳምባቸው ውስጥ የበቀለ ዕጢ መሆኑን ነገሩን። ከምን እንደመጣ በእርግጥ ለማለት አልቻሉም። በአገራችን ግን በትንፋሽ የሚጋባውም የሳምባ በሽታ በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ ወሬው ወረታ ሲደርስ ሌላ በሽታ ሆኖ ተሰማ። በዚህም የተነሣ ለቅሶ ደራሹ ከአጥር ውጭ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ይመለሳል። የቀረበው ምግብ ሳይነካ ያድራል። ባለቤታቸው አቶ መንግሥቴ በላቸውና ልጃቸው ደብረወርቅ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ይህ ማኅበሩን ከሞታቸው ባላነሰ አሳዝኖታል፤ አስቆጥቶታልም።

ስለዚህ ማኅበሩ ለሁሉም በግልጽ ያስታውቃል። ወይዘሮ ይርገዱን የነጠቀን ዕጢ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ በትንፋሽም፣ በዕቃም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። ወይዘሮ ዘሊካ እስከ መጨረሻው ከራስጌያቸው ሳይለዩ አስታመዋቸዋል፤ ዛሬም ደኅና ናቸው። የክሊኒኩ ሠራተኞችም በየቀኑ ከሥራ መልስ በዚያ ቤት ይቀመጣሉ፣ ይበላሉ።

ለቤተሰባቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ለዳኑ ሁሉ መጽናናቱን እንዲሰጥልን እግዚአብሔርን እንለምናለን። ለጎረቤቶቻቸው የምናቀርበው ልመና ደግሞ አንድ ነው። ደብረወርቅ፣ እናቷ ያልገቡበት ቤት በሌለበት ሰፈር፣ ሰው ለምን ከአጥር እንደሚመለስ ትጠይቀናለች። ግቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

የፎገራ ሕሙማን መርጃ ማኅበር
ወረታ