በየትኛው ቪዛ ልምጣ?

ማክሰኞ፣ መስከረም 20 ቀን 1973

እንደ ወትሮው ፒያሳ ውዬ መጣሁ። አሥራ አንድ ማመልከቻ፣ ሁለት የውክልና ወረቀት ተየብኩ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ድልድዩን ስሻገር ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቤት ገባሁ።

ከባሌ ከተክላይ ደብዳቤ መጥቷል። እማማ ጽጌ፣ እናቱ፣ ሳይከፈት ሲስሙት ደረስኩ። ማንበብ አይችሉም፤ የልጃቸውን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ጣሊያን፣ ቶሪኖ ለትምህርት ከሄደ ሁለት ዓመት አለፈው። «ጊዜው ደርሷል፣ ቪዛ ጠይቂና ነይ» ይላል። በቃ ይሄው ነው። ቪዛ ጠይቂ… ስኳር ነው እንዴ? ስኳርም ቢሆን ሰልፍ አለው።

ግን ደስ ብሎኛል። ለምን እዋሻለሁ።

መስከረም 22

አሠሪዬን ጋሽ ዓምደሚካኤልን ጠየቅኋቸው። በወጣትነታቸው ጣሊያኖች ጋራዥ ጸሐፊ ስለነበሩ ቋንቋውን ያውቃሉ። የአራዳ ሰው ሁሉ ፎርም ይዞ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው።

«ቪዛ አንድ እንዳይመስልሽ» አሉኝ። «ጎብኚ አለ፤ አይተሽ ትመለሻለሽ፣ ሥራ አትነኪም። ተማሪ አለ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ፈቃዱም አብሮ ያልቃል። ሠራተኛ አለ፤ ቀጣሪሽ ውል ይልክልሻል። ቤተሰብ ደግሞ አለ፤ ባልሽ ሚስቴ ናት ብሎ ይጠራሻል።»

«የኔማ ቤተሰብ ነዋ።»

«ከጠራሽ።»

«ነይ ብሎኛል እኮ ጋሽ ዓምዴ!»

«በደብዳቤ ነዋ ያለሽ። ኤምባሲ ቤት የሚሰማው በፎርም ያለው ነው።» ሳቁና መነጽራቸውን ጠረጉ። «መግቢያውን ስታገኚ ደግሞ የኛን የመውጫ ቪዛ ትለምኛለሽ። እሱ ይቆየን።»

ጥቅምት 4

የጣሊያን ኤምባሲ። የጋብቻ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የኛ አገር ሴት ናት፣ ትሁት። የተክላይን ስም ስነግራት ሄዳ ፋይል አመጣች። አገላበጠች። ከዚያ ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው።

የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ።

በአማርኛ፣ የራሱ እጅ ጽሑፍ ነው። የ«ገ»ን እግር እንደዚያ የሚያረዝም ሌላ ሰው አላውቅም። ፎርሙን የሞላው ከሰርጋችን በሰባተኛው ወር ነው።

«ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል» አለችኝ። አዝናልኝ ነው።

ተሳስቶ? ሚስት ይረሳል?

ለእማማ ጽጌ «ወረቀት ጎደለ» አልኳቸው። ለሱ ጻፍኩለት። በየትኛው ቪዛ ልምጣ? አንዱን መስመር ብቻ። ሌላ ምን ይባላል።

ህዳር 11

መልሱ መጣ። «ሰርኬ፣ አትቆጪ። ላጤ ካልሆንክ አንልክህም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው። በቤተሰብ ከጠየቅሽ ውሸታም ተብዬ እባረራለሁ። በሠራተኛ ቪዛ ነይ። ደግ ሴት አግኝቼልሻለሁ፣ የቤት ሠራተኛ ትፈልጋለች። ውሉን እሷው ትልክልሻለች፣ ሳትከፍቺ ለኤምባሲው አስገቢ። ያላገባሽ መሆን ስላለብሽ ቀበሌ ሄደሽ ፍቺ ጨርሺ። ለወረቀት ነው እንጂ ሚስቴ ነሽ።» ለእናቱ ደግሞ ውክልና ልኳል፤ በሱ ቦታ ቆመው እንዲያፋቱን።

ለእማማ ጽጌ አነበብኩላቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ለወረቀት ካለ ምን አለበት ጓለይ? አንድ ዓመት ሠርተሽ ከባልሽ ጋር ትኖሪያለሽ» አሉ። ልጄ ሲሉ ነው፣ በአገራቸው ቋንቋ።

ሁለት ዓመት ታይፒስት ሆኜ እናቱን ጦርኩለት። አሁን ደግሞ የሰው ወለል…

ግን እሄዳለሁ። ምን አማራጭ አለኝ?

ጥር 6

ውሉ መጣ። ሳትከፍቺ ብሎኝ ነበር። ለራሴ ቅጂ እንዲኖረኝ ብዬ ከፈትኩት። ጋሽ ዓምዴ እያነበቡ ይነግሩኝ ጀመር። ቀጣሪ ካርላ የምትባል። ሥራው ጽዳት፣ እጥበት፣ ልብስ መተኮስ፣ ምግብ። መኝታ በቀጣሪዋ ቤት። ቀጥሎ ያለው ወረቀት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ምን ይላል?»

«ይሄ በቤቷ የሚኖረውን ሰው የሚዘረዝር ነው… ቆይ…» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰርክአዲስ፣ የባልሽ አባት ስም ማነው?»

«ገብረዮሐንስ።»

ጣታቸውን አስቀምጠው አሳዩኝ። ስም ማንበብማ እኔም እችላለሁ። ተክላይ ገብረዮሐንስ። ከስሙ ጎን ያለውን ቃል ግን እሳቸው ናቸው ያነበቡልኝ። ባል።

ጥር 7

አልተኛሁም። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 10

ውሉ ላይ የቤቷ ስልክ አለ። ቴሌ ሄጄ አስመዘገብኩ፤ ከጠዋት ጀምሬ ጠበቅኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስተኛዋ የስልክ ሳጥን ግቢ ተባልኩ።

ሴት አነሳች። «ፕሮንቶ?» ስሙን አልኩ። ጠራችው፣ አሳጥራ፣ በቁልምጫ።

«ማን ሞተ?» አለ ድምፄን ሲሰማ።

«ማንም አልሞተም። ካርላ ምንህ ናት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለወረቀት ነው ሰርኬ። ትምህርቱ አልቆ ሊያስወጡኝ ነበር…»

«አንድ አልጋ ላይ ነው የምትተኙት?»

«ስልኩ ይቆጥርብሻል እኮ…»

«እኔን ማን ናት ብለሃታል?»

«እህቴ።»

«እህትህን ነው ወለል የምታስጠርገው?»

«ሁለት ዓመት ቻይው። ከዚያ አንቺም ትወጫለሽ፣ እኔም…»

«አንተም ምን?»

መስመሩ ሄደ። እሱ ይዝጋው ቴሌ ይቁረጠው አላወቅኩም። ስወጣ የከተራ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። ነጭ የለበሰ ሁሉ ይዘፍናል። በመሃላቸው አለቀስኩ፤ ማን ያየኛል።

ጥር 14

ዛሬ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ብሄድስ? ስንቱ ለመውጣት በረሃ በእግሩ ያቋርጣል፤ ስንቱ መንገድ ላይ ቀርቷል። እኔ መሳቢያዬ ውስጥ የተፈረመ ውል አለኝ። በውሉ ገብቼ በማግስቱ ብጠፋስ?

ጋሽ ዓምዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሠራተኛ ፈቃድ የሚሰጥሽ በቀጣሪዋ ስም ነው። ከቤቷ የወጣሽ ቀን ወረቀት የለሽም። እዚያው ሆነሽ አልጋቸውን ማንጠፍ ነው።» ከዚያ አፈሩ። «ይቅርታ ልጄ። አፌ ነው።»

አፋቸው አይደለም። እውነቱ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ። ቪዛውን ትቼዋለሁ፤ ፍቺውን ግን አልተስማማንም ብዬ ልጨርሰው ነበር ያሰብኩት። እማማ ጽጌ ውክልናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጓድ አባይነህ ገና ስማችንን ሲጠራ፣ «ለወረቀት ነው ጌታዬ» አሉት።

«እማማ፣ እኛም እዚህ የምንሠራው ወረቀት ነው» አላቸው። ተሳቀ። «ምክንያት?» አለኝ።

ሳቁ ነው መሰለኝ ያናገረኝ። «ባሌ ሌላ አግብቷል» አልኩ። «አሁን ደግሞ ለሚስቱ ሠራተኛ አድርጎ ቀጥሮኛል። ውሉ ይኸው።»

እማማ ጽጌ ዞረው አዩኝ። ፊታቸው እንደ ሕፃን ሆነ፣ ሊያለቅስ ሲል እንደሚሆነው። ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ለምን ቤት አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ?»

ጥቂት ሄድንና፣ «አሁን እኔ ወዴት ልሂድ?» አሉ። የቀበሌው ቤት በኔ ስም ነው።

«ወዴት ይሄዳሉ? ወደ ቤት ነዋ።»

ደግ ሆኜ አይደለም። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

የካቲት 10

ውሉን በፖስታ መለስኩት። ለሱ ሳይሆን ለሷ። ጋሽ ዓምዴ በጣሊያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉልኝ፦ «እህቱ አይደለሁም።»

ግንቦት 19

ለእናቱ ደብዳቤ። አነበብኩላቸው፣ ቃል ሳልዘል። ወንድ ልጅ ተወልዷል። ሕፃኑን እንዲያዩ የጎብኚ ቪዛ ግብዣ ልኳል። ስለኔ ምንም።

እማማ ጽጌ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አዩኝና አወረዱት።

«እልል ይበሉ እንጂ። የልጅ ልጅ ነው።»

ቀስ ብለው አሉ። ለወንድ ሰባት ነው፤ ሳይሞላ አቆሙ።

ሰኔ 9

ፎርሙን እኔው ተየብኩላቸው። ጎብኚ፣ ሦስት ወር። «አገርዎ ማን አለዎት?» ለሚለው፣ «ልጅ አለችኝ በይ» አሉኝ። ለመውጫ ቪዛው ዋስ አምጡ ተባሉ። ዘመድ ሁሉ ፈራ። ፈረምኩ።

«አበድሽ?» አሉ ጋሽ ዓምዴ። «እዚያው ከቀሩ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ!»

አውቃለሁ። ለምን ፈረምኩ? እናቱን ልኬ ላሳፍረው? ወይስ ቤቱ ባዶ እንዲሆንልኝ?

ሐምሌ 13

ሄዱ። በርበሬና ሽሮ ጠቅልዬላቸው። በር ላይ፣ «ጓለይ፣ ምን ልበለው?» አሉኝ።

«ምንም።»

መስከረም 28 ቀን 1974

ደብዳቤ የለም። አሥር ቀን ቀርቷል። የቀበሌው ዘበኛ ጠዋት፣ «አሮጊቷስ? እዚያው ቀለጠች እንዴ?» አለኝ። ሳቅኩ። ቢቀሩ እፈርድባቸዋለሁ? እኔ ብሆን እመለስ ነበር?

ጥቅምት 5

መጡ!

ጥቅምት 6

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ከስተዋል። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ሕፃኑን ጠየቅኋቸው።

«ያምራል። ዓይኑ ያባቱ ነው።» ነጠላቸውን አጣጥፈው ቀጠሉ፦ «ሁለቱም በጠዋት ይወጣሉ። ልጁ፣ እጥበቱ፣ ወለሉ… እንግዳ ሲመጣ፣ ቋንቋ አትችዪም ይጨንቅሻል፣ ኩሽና ቆዪ ይለኝ ነበር።»

«ተክላይ?»

«ተክላይ። ቪዛው ሊያልቅብኝ ሲል ፎርም አመጣ። የጎብኚው ይቀየርልሻል፣ እዚህ ትቀሪያለሽ አለኝ። በምን ነው የምቀረው? አልኩት። ሊነግረኝ አልፈለገም። አንብበው፣ ሰርክአዲስ ሁሌ ታነብልኛለች አልኩት።»

«ምን ይላል?»

«ሠራተኛ።»

ጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል።

«ጣቴን ያዘኝ፣ ሊያሳትመኝ» አሉ። «አልሰጠሁትም። ወልጄ አሳድጌ…» አልጨረሱትም።

እጃቸውን አየሁት። ከሳሙናው የተነሳ ቆዳው ተልጦ፣ ጣቶቻቸው መሃል ደም ቋጥሯል። ቫዝሊን አመጣሁና መቀባት ጀመርኩ። አንደኛውን ስጨርስ ሌላውን ራሳቸው ዘረጉልኝ።

«ያምዎታል እማዬ?» አልኩ።

እማዬ ብያቸው አላውቅም ነበር።