ልጄ ታዛቢ ናት

ሰኞ

ጻፊ። ዛሬም አልደወለችም። አምስት ቀን ሞላት።

የምትጽፍልኝ ብርቱካን ናት፤ ከጎጃም ተመድባ መጥታ ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየች መምህርት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። ሰባት ልጅ አስቆጥሬአለሁ። የመጨረሻዋ ፎዚያ ሻምበል ናት። የዓለም መንግሥታት በጋራ ያቆሙት ድርጅት ሰማያዊ ቆብ አልብሶ፣ ጦርነት አብርጂ ብሎ ሰው አገር ወስዷታል። ሬዲዮው እሷ ባለችበት ከተማ ተኩስ ተከፈተ ካለ ወዲህ ድምጿ የለም።

ስትመለስ የጠፋችበትን ቀን አንድ በአንድ አስነብባታለሁ። ሰው ረሳሁ ይላል፤ ወረቀት አይልም።

ማክሰኞ

ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ቀኑን ሙሉ አልታየም። ጉልበቴን ይቆረጥመኛል።

ድርጅቱ ተኩሱን «በጽኑ አወገዘ» አለ ሬዲዮው። ማውገዝ ምንድን ነው አልኳት ብርቱካንን። ክፉ ነው ብሎ መናገር ነው አለችኝ። ይኼንንማ እኔም ጋቢዬን እንደለበስኩ አውግዤዋለሁ። ቆመ?

ቆይታ፣ የፎዚያ ሥራ ምንድን ነው አለችኝ። ታዛቢ አልኳት። እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ምነው?

«አባባ፣ ታዛቢ እኮ መሣሪያ አይዝም።»

ወላሂ አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ መስጊድ በር ላይ «ልጄ መትረየስ ይዛ» እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። እኛ ዘንድ ታዛቢ ማለት የሰው ነውር አይቶ በሆዱ የሚይዝ ነው። ልጄ እዚያ ድረስ የሄደችው ባዶ እጇን ቆማ ልታይ ነው?

ረቡዕ

ለሐጂ ከድር ራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ሌላ ሰው ከሚያወጣብኝ እኔው ላውጣው። አብሮ አደጌ ነው፤ ምላሱን አያስርም።

«መትረየሷ እስክሪብቶ ሆነ በለኛ! አንተ መያዝ ያቃተህን!»

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ አቆመ።

«በእኛስ ሴት ጠብ በሲንቄ ታስቆም የለ?» አለ ሊያጽናናኝ። ሲንቄ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት እሷን ይዛ በተጣሉ ሰዎች መሀል ከቆመች፣ ወንድ ነኝ ያለ ሁሉ እጁን ይሰበስባል። እውነት ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ሲንቄ እንጨት ናት። የሚያስቆመው ነውሩ ነው። እዚያ ያሉት ነውር ያውቃሉ? እሱን ማን ይነግረኛል።

ሐሙስ

ገንፎ ቀረበልኝ፤ ሳልነካው መለስኩት። ስልኩን ሁለቴ ቻርጅ አስደረግሁ። ኔትወርክ አለ።

ብርቱካን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የምጽፈው አለ አባባ? አለችኝ። የለም ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ዓርብ

ከጁምዓ ስመለስ ደወለች። በሕይወት አለች! አልሐምዱሊላህ።

መስመር ተበላሽቶ ነው አለች። ደግሞ ሌላ ነገር አመጣች። ድርጅቱ ሰዎቹን እየቀነሰ ነው፤ መውጣት የፈለገ ይውጣ ተብሏል። እሷ እቀራለሁ አለች።

«መሣሪያ የለሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ?» ጮህኩባት።

«ታጣቂዎቹ ሰው ሲያያቸው እጃቸው ይከብዳል አባ። ሁልጊዜ አይደለም። እዚህ መጠለያ ውስጥ ግን ሴቶችና ሕፃናት አሉ። እኛ ከወጣን የሚያያቸው የለም። መርቁኝ።»

ነይ ልላት ነበር። ነይ የሚለው አልወጣ አለኝ። የእኔ ልጅ ሰው ጥላ ስትሸሽ አባቷ ምን ብሎ ይተኛል? እዚያው ቀርታ ብትሞትብኝስ ምን ብዬ እተኛለሁ?

መረቅኋት። የቆምሽበት መሬት ይሸከምሽ፤ ጥይት ይሳትሽ፤ ወጥተሽ ግቢ፤ አልኳት። አሚን ሳትል መስመሩ ተቆረጠ።

ምርቃት ተቀባዩ አሚን ካላለ ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው። ብርቱካን አጠገቤ ነበረች፤ «አሜን» አለች ቀልጠፍ ብላ። አንቺን አልመረቅሁም! ብዬ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፋች። ይኼንንም ጻፊው።

ቅዳሜ

ከጠዋት ጀምሮ እያስደወልኩ ነው። አይገባም። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» የምትለዋ ሴትዮ ናት የምታነሳው። ሁለቴ እሷኑ መርቄ ዘጋሁ።

ሬዲዮው ዛሬ ስለዚያ ከተማ ምንም አላለም። ደግ ይሁን ክፉ አላውቅም።

በመጨረሻ ብርቱካንን ጠራኋት። ምርቃቱን ከመጀመሪያው ደገምኩትና፣ በይ እስክትደውል አንቺ ያዢላት አልኳት።

«አሜን» አለች፤ ቀስ ብላ።

አልሰማሁሽም ብዬ አስደገምኳት።