ዋዛችንን ይዘው ለወጡት ሹም

ይድረስ ለክቡር ግራዝማች ዋኘው፤ ጤናዎ የጸና፣ ማዕድዎ የሞላ፣ እንቅልፍዎም የሚያውከው የሌለ ይሁን። እኔ ከመንጌ ቁልቁል በወንዙ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ የምኖረው ሐምዳን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ራሴ ተናገርሁት። ቃሌን በአማርኛ አሳምሮ የጻፈልኝ ከደጋ የመጣው ጨው ነጋዴ ምንውየለት ነው። ለእርስዎ የሚገባው ምስጋና በጓዳ እንዳይቀር ብለን፣ ወደ እርስዎ ከመላኩ በፊት በገበያ ፊት ያነበዋል።

ዘንድሮም ማሽላው ሲታጨድ ለመዝናናት ወደ ሸለቆአችን እንደሚወርዱ፣ የመከሩ በዓልም እንዲዘጋጅልዎ ማዘዝዎን ሰምተናል። እንግዲህ ከመምጣትዎ በፊት የአምናውን ውለታዎን በየተራው ላንሣ።

አንደኛ፤ ነፋስ ሊቀበሉ በመጡ ጊዜ ሴቶቻችን ውኃ ከሚቀዱበት ዳር ድንኳንዎን ስለተከሉልን እናመሰግናለን። ለገላዎ መታጠቢያ ክብር ሲሉ ሩቅ ሄዶ መቅዳትን ለመዱ።

ሁለተኛ፤ በዓላችንን ስለወደዱልን እናመሰግናለን። ዋዛ ከረጅም ቅል የሚሠራ መለከት ነው፤ ክረምቱን ተሰቅሎ ይከርማል፣ እህል ሲደርስ ይወርዳል። አንዱ መለከት ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ሁሉ ክብ ሠርተው ሲቀባበሉ ነው። በእርስዎ ቋንቋ ዋዛ ማለት ቀልድ እንደሆነ ምንውየለት ነግሮኛል፤ ነገሩን ሁሉ ያቀለለብዎ ምናልባት ይኸው ይሆናል።

ሦስተኛ፤ «ለጥምቀት ብቻ ነው፤ በዓሉ ሲያልፍ እመልሳቸዋለሁ» ብለው ነፊዎቻችንን ከነመለከታቸው ወደ ደጋ ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። እኔ በወባ ወድቄ ስለነበር ለመወሰድ አልበቃሁም። ልጄ ጀዕፈር ግን ሄደ። ከደጃፉ ቆሞ፣ «አባ፣ አትነሣ፤ የበዓሉ ጠላ አተላ እንኳ ሳይደርቅ እመለሳለሁ» አለኝ። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምትም ገባ።

አራተኛ፤ ከነፊዎቹ አንዱ ሻዕባን ፈቃድዎን ሳይጠብቅ እግሩ እስኪያብጥ ተጉዞ በሰኔ መጣና ስለ ፍርድዎ አጫወተን። ከነፊዎቹ ማን እንደሚበልጥ ለመለየት ብለው አንድ በአንድ፣ ለየብቻ እንዲነፉ አዝዘው ኖሯል። አንዱ ድምፁን አሰምቶ ዝም ይላል፣ ሌላውም እንዲሁ። እርስዎም፣ «ከነዚህ አንዱም መንፋት አያውቅም» ብለው ፈረዱ። ከዚያም አንዱን ለእንጨት፣ አንዱን ለወፍጮ፣ ጀዕፈርን ለበቅሎዎችዎ መደቧቸው።

ሻዕባንን፣ «ልጄ ምን ብሎ ላከብኝ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በቋንቋችን ባናግረው በአማርኛ መለሰልኝ። ከእኛ ለይተው ስላኖሩት የሚያናግረው አጥቶ ነው» አለኝ።

ልጄን ቋንቋዎን ስላስተማሩልኝ፣ ክቡር ሆይ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ሻዕባንም ዳግመኛ የመመረጥ ዕድል እንዳይገጥመው ቤተሰቡን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሱዳን ወረደ፤ ብዙዎችም ተከተሉት።

አምስተኛውን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። በዚህ ሰሞን የመጀመሪያው ማሽላ ሲቆረጥ መለከቴን ይዤ ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ነፋሁና የጀዕፈርን ድምፅ ጠበቅሁ፤ ሁልጊዜ ከእኔ ቀጥሎ የሚመልሰው እሱ ነበር። ደግሜ ነፋሁ። ባሏ ከተወሰዱት አንዱ የሆነባት አሮጊቷ ጎረቤቴ ኢንዓም መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አንተ ንፋ፤ የጎደለውን እኔ በአፌ እላለሁ» አለችኝ።

ጀመርን። የልጄን አለች፤ የባሏን አለች፤ ወደ ሌሎቹ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። መሬት ላይ ተቀመጠች፤ እኔም ተቀመጥሁ። ሌላ ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም። ከወንዙ ማዶ የሚሰማን ካለ ብለን እስኪመሽ ቆየን።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ሲመጡ ነፊዎቹን ይዘዋቸው ይምጡ። ጀዕፈር ቋንቋችንን ረስቶትም ቢሆን ግድ የለም፤ ቅሉ የሚጠይቀው ትንፋሽ ነው። ይዘዋቸው ባይመጡም ትእዛዝዎ አይጓደልም፤ አደባባዩ መካከል ቆሜ ያለኝን አንድ ድምፅ እስኪጠግቡ ድረስ እነፋልዎታለሁ።

ለመወሰድ ያልበቃሁ፣ በመጠበቅ ግን የሚስተካከለኝ የሌለ፣ የክብርዎ ታዛዥ
ሐምዳን

ሳልናገር የቀረ፤ ይህ ሲጻፍ የቀሩትም ቤቶች ጓዛቸውን እየጫኑ ነው፤ ከኢንዓምና ከእኔ በቀር የሚቀበልዎ አያገኙም። በቆይታዎ ዝምታው ቢከብድዎ ሰው ይላኩብኝ፤ እኔ ስለለመድሁት፣ እንዴት እንደሚኖር ላስተምርዎ እችላለሁ።