ለአባትህ የሚደረደረው ረባብ

ልጄ ኔክቃዳም፣ ምርቃቴ ከፓሚር ሞስኮ ድረስ ይድረስህ፤ ፈጣሪ ከብርዱም ከፖሊሱም ይሰውርህ።

ጎረቤታችን «ረባብ በሚደረደርበት ቤት ሞት ጫማውን አውልቆ አይገባም» ስትል ሰማኋት። ሐኪሙ ከነገረን ይሻላል ብዬ አመንኳት። አባትህ ያስተማረው ሾዶድ በየቀኑ እየመጣ ረባብ እየደረደረ ይዘምርለታል።

አባትህ በዚያ ሕመሙ እንኳ «አንተ፣ ክርህ ረግቧል፤ ይህን ከምሰማ ብሞት ይሻለኛል» ይለዋል።

«እስክቃኘው ይታገሡኛ፣ አባባ።»

ከዚያ ሲደረድርለት አባትህ አልቅሶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ባለፈው አርብ ሾዶድ ቢቀር እስኪነጋ ሲያቃስት አደረ።

ጉልበትህን ያበርታው፣ ልጄ። አንድ ነገር ላስቸግርህ፦ ሾዶድ ሐሙስ ለሥራ ወደ አንተ ይመጣልና ማረፊያ እስኪያገኝ አብሮህ ይደር። እሱ ከሄደ መንደራችን ውስጥ ረባብ መደርደር የሚችል የሚቀረው አባትህ ብቻ ነው።